"ጸድቋል" ተብሎ መጠበቅ፦ የአውስትራሊያ የአረጋውያን የቤት ድጋፍ ወረፋ ምንድን ነው?

አውስትራሊያ ውስጥ አንድ አረጋዊ የቤት ድጋፍ ጸደቀላቸው ማለት ነገ ጠዋት የሚያጥባቸው ሰው በር ያንኳኳል ማለት አይደለም። ጸደቀ ማለት መንግሥት "አዎ፣ ድጋፉ ያስፈልጋቸዋል" ብሎ በጽሑፍ አመነ ማለት ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀው ሌላ ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው ወረፋው። ለብዙዎች ወራት ይፈጃል። ከዓመት በላይ የጠበቁም አሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመንግሥት የአረጋውያን እንክብካቤ መስመር ወደሆነው ማይ ኤጅድ ኬር ይደወላል። ከዚያ ገምጋሚ ቤት ይመጣል። እንዴት እንደሚታጠቡ፣ ምግብ ማን እንደሚያበስልላቸው፣ ወድቀው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። በመልሳቸው ላይ ተመሥርቶ ሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ የድጋፉ መጠን ነው። ቀድሞ ሆም ኬር ፓኬጅ የሚባለው አራት ደረጃ ነበረው። ከኅዳር ወር 2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ በተተካው ሰፖርት አት ሆም ደረጃዎቹ ስምንት ሆነዋል። ሁለተኛው አስቸኳይነቱ ነው። አስቸኳይ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛና መደበኛ ተብሎ ይመደባል። ተራ ሲደርስ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል። ያኔ በ56 ቀን ውስጥ ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ጋር መዋዋል ያስፈልጋል።

ወረፋው የመጣው በሠራተኛ እጥረት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። እጥረቱ እውነት ነው፤ ከከተማ ራቅ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ይብሳል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። መንግሥት በየጊዜው የሚለቀውን የድጋፍ ብዛት በበጀት ይወስነዋል። የዕድሜ ጡረታን ተመልከቱ። መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል፤ "የዘንድሮው ኮታ አልቋል፣ ተራዎትን ይጠብቁ" የሚባል የለም። የቤት ድጋፍ ግን ኮታ አለው። የጸደቀላቸው ሰዎች ከኮታው ሲበልጡ ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ ይህ መዘግየት በቢሮ መዝረክረክ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ስንት ሰው ይጠብቅ የሚለውን የሚወስኑ ሰዎች አሉ።

ይህን የሚያውቁት ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ አረጋውያን እንክብካቤ የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን፣ ማለትም መንግሥት የሚሰይመው ከፍተኛ መርማሪ አካል፣ ተቋቋመ። በጥቅምት 2019 ያወጣው ጊዜያዊ ሪፖርት ርዕስ አንድ ቃል ነበር፦ "ቸልተኝነት"። በ2017-18 በጀት ዓመት ብቻ ከ16,000 በላይ አረጋውያን የጸደቀላቸውን ድጋፍ ሲጠብቁ ሞተዋል። ሁሉንም የገደላቸው ወረፋው ነው ማለት አይደለም፤ ዕድሜም ሕመምም አለ። ግን የመጨረሻ ወራታቸውን የኖሩት፣ ያስፈልጋቸዋል ተብሎ የተጻፈላቸው እርዳታ ሳይደርሳቸው ነው። ይህ ቁጥር ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል።

ኮሚሽኑ በመጋቢት 2021 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ወረፋው እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ድረስ እንዲጸዳ፣ ከዚያ በኋላም ማንም ከተገመገመ በኋላ ከአንድ ወር በላይ እንዳይጠብቅ መከረ። መንግሥት በሁለት ዓመት 80,000 ፓኬጅ ጨመረ። ወረፋው ለጊዜው አጠረ፤ ቆይቶ ግን እንደገና ረዘመ። በ2025 አጋማሽ የጸደቀላቸውና የሚጠብቁት ከ100,000 በላይ ነበሩ። ገና ግምገማውን ራሱን የሚጠብቁ ደግሞ ሌላ ከ120,000 በላይ። በዚህ ላይ አዲሱ ፕሮግራም ከሐምሌ ወደ ኅዳር ተገፋ። የሴኔት አባላት ግፊት ሲበረታ በመስከረም 20,000 ድጋፍ ቶሎ እንዲለቀቅ መንግሥት ተስማማ። በግፊት ከተቻለ ያለ ግፊትም ይቻል ነበር።

በዚህ መሀል ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? በሳምንት ሁለት ቀን የሚያጥባቸው ሰው ቢኖር የማይወድቁ እናት ሻወር ውስጥ ይወድቃሉ። ሆስፒታል ይገባሉ፤ ከተሻላቸው በኋላም ቤት የሚረዳቸው ስለሌለ አልጋ ይዘው ይቆያሉ። ልጅ ሺፍት ትቀንሳለች፣ ከዚያ ሥራውን ጭራሽ ትተዋለች። ሁሉም ሲያቅት ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መኖሪያ ተቋም፣ ይመጣል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ይጠፋባቸውና በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ብቻ ይቀራሉ። አማርኛ የሚሰማ በሌለበት፣ ጾምና ፍስክ በማይለይበት ቤት ማርጀት ምን እንደሚመስል አስቡት። ሜልበርን ላይ በኤጅድ ኬር የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የእኛ ወላጆች ሌላም ችግር አለባቸው። ገምጋሚው "እንዴት ነዎት?" ሲላቸው "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። ግድግዳ እየተደገፉ ሽንት ቤት የሚሄዱት እናት "ብቻዬን እሄዳለሁ" ይላሉ። ለእንግዳ ሰው ገመናን መዘርዘር ነውር ነው ብለው ነው፤ ክብራቸውም ነው። ገምጋሚው ግን የሰማውን ይጽፋል፣ አስቸኳይነቱም ዝቅ ይላል። ወንድ ልጅ ሲያስተረጉም ደግሞ ይብሳል። ስለ ሽንት መቆጣጠር በልጇ አፍ የምትናገር እናት የለችም። በቀጠሮው የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በነጻ ነው። ከቀጠሮው በፊትም ቁጭ ብላችሁ ስለ ክፉው ቀን እንዲናገሩ አሳምኗቸው። ስንቴ እንደወደቁ፣ ሌሊት ማን እንደሚያነሳቸው፣ እናንተም ስትደክሙ ምን እንደሚቀር በግልጽ ይነገር።

ከጸደቀ በኋላም ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ግምገማው የሚያሳየው የዚያን ቀን ሁኔታ ነው። ከወደቁ፣ ሆስፒታል ከገቡ፣ ወይም ይረዳቸው የነበረው ሰው ከታመመ ደውላችሁ ድጋሚ ግምገማ ጠይቁ። ኮመንዌልዝ ሆም ሰፖርት በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ቀለል ያለ እርዳታ ማግኘት ይቻላል፤ ምግብ ማድረስ፣ ጽዳት፣ መጓጓዣ ያሉትን። ወረፋው ሲረዝም ደግሞ ከጸደቀው በጀት 60 በመቶው ቀድሞ ሊለቀቅ ይችላል፤ ቀሪው በኋላ ይመጣል። ሥራ ትታችሁ የምትንከባከቡ ከሆነ የመንግሥት ድጎማ ከሚከፍለው ሴንተርሊንክ የኬረር (የተንከባካቢ) ክፍያዎችን ጠይቁ፤ እነዚህ የቤት ድጋፉን ወረፋ አይጠብቁም። ነገሩ ከተወሳሰበ ኦፓን የሚባለው የአረጋውያን ጠበቃ ድርጅቶች መረብ በነጻ ይረዳል። ስልኩ 1800 700 600 ነው። እንግሊዝኛ ካስቸገረ መጀመሪያ የመንግሥት የአስተርጓሚ አገልግሎት ወደሆነው 131 450 ደውላችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁና እነሱ ያገናኟችሁ።