የአርሰናል ሽንፈት በኢትዮጵያ ኳስ ማሳያ ቤቶች

አርሰናል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲሸነፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ደጋፊ ንዴቱን የሚወጣው በአብዛኛው ቤቱ ተቀምጦ አይደለም። ዲኤስቲቪ ቤት ወይም ኳስ ቤት በሚባሉት፣ መግቢያ ተከፍሎ ጨዋታ በሚታይባቸው ክፍሎችና በበራቸው ላይ ነው። ላልለመደው ሰው ግርግር ይመስለዋል። የለመደው ግን ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ማብሸቅ እስከ የት እንደሚፈቀድ፣ ጠብ ሲነሳ ማን እንደሚገላግል ጠንቅቆ ያውቃል። የማንችስተር ዩናይትድ፣ የቼልሲና የሊቨርፑል ደጋፊዎችም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። እዚህ አርሰናል የተመረጠው በሀገሪቱ ከሁሉም የሚበልጥ ደጋፊ አለው ስለሚባል (የዩናይትድ ደጋፊዎች ይህን አይቀበሉም) እና ሽንፈቱ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ተመልካች ስለሚስብ ነው። አርሰናል ሲሸነፍ ለማየት ብቻ ከፍሎ የሚገባ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ደጋፊው

የአርሰናል ፍቅር በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በአሰልጣኝ አርሴን ቬንገር ዘመን ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2003/04 የውድድር ዘመን 26 ጨዋታ አሸንፎ፣ በ12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ በ90 ነጥብ ዋንጫውን አነሳ። ካኑ፣ ሎረንና ኮሎ ቱሬ የዚያ ቡድን አባላት ነበሩ፤ ለአፍሪካዊ ተመልካች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሽንፈት አልባው ጉዞ በ49 ጨዋታ የተገታው ጥቅምት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. በዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ ነው። ሩኒ በሶል ካምቤል ተጠልፏል ተብሎ በተሰጠው ሪጎሬ ቫን ኒስትሮይ አገባ፤ ሩኒ ራሱ በባከነ ሰዓት ሁለተኛውን ጨመረ። ሪጎሬው ሪጎሬ እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ የዩናይትድ ደጋፊዎች ግን እስካሁን ይከራከራሉ። ያ ምሽት ለትውልዱ የሽንፈት ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከ1997ቱ የኤፍኤ ካፕ ድል እስከ 2006ቱ ድረስ ክለቡ ዋንጫ አላገኘም፤ ደጋፊው ግን አልቀነሰም። በጥር 2006 ዓ.ም. በርሊን የተወለደው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጌዲዮን ዘላለም በኤፍኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በነበረው ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ፣ ክለቡን የራስ አድርጎ የማየቱ ስሜት ይበልጥ ጠነከረ።

ቤቱና ሰዓቱ

የተለመደው ኳስ ቤት አንድ ሰፊ ክፍል፣ አግዳሚ ወይም የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከሰው ቁመት በላይ የተሰቀለ ስክሪን ወይም ፕሮጀክተር፣ ዲኮደርና የድምፅ ማጉያ አለው። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የጨዋታ ሰሌዳ ይቆማል። ሁለት ትልልቅ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ሲገጣጠሙ አቅም ያለው ቤት ሁለት ስክሪን ያበራል፤ ድምፁ የሚለቀቀው ግን ለአንዱ ብቻ ነው፤ ለየትኛው ይሁን የሚለው ራሱ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ነው።

ሰዓቱ በዓመት ሁለቴ ይለዋወጣል፤ እንግሊዞች ሰዓታቸውን በመጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በጥቅምት አጋማሽ ላይ ይመልሱታል። የቅዳሜው ዋና ሰዓት በበጋቸው በእኛ 11፡00፣ በክረምታቸው 12፡00 ላይ ይጀምራል። የቅዳሜ የምሳ ሰዓቱ ጨዋታ 8፡30 ወይም 9፡30፣ የማምሻው ደግሞ 1፡30 ወይም 2፡30 ይሆናል። የሳምንቱ መካከል ጨዋታ ከሌሊቱ 4፡00 ወይም 5፡00 ስለሚጀምር፣ በእንግሊዝ ክረምት ሲያልቅ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ይህ የደጋፊውን ሁኔታ በቀጥታ ይወስነዋል። ቅዳሜ ማታ የተሸነፈ ደጋፊ በር ላይ ቆሞ ይከራከራል፤ ረቡዕ ሌሊት የተሸነፈው ግን ታክሲ ስለማያገኝ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተያይዞ በእግሩ ይሄዳል፣ ክርክሩም መንገድ ላይ ያልቃል።

የሳተላይቱ ስርጭት ከስታዲየሙ በሰከንዶች ይዘገያል፤ በኢንተርኔት የሚታየው ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ በስልክ መስመር የሚያሳይ ቤት ጎሉን የሚሰማው ከጎረቤቱ ጩኸት ነው። አርሰናል ላይ ሊገባ ያለን ጎል ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ሳለች ከግድግዳው ማዶ መስማት ከራሱ ከጎሉ የከፋ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው ደጋፊ በትልቅ ጨዋታ ቀን ዲኮደር ያለበትን ቤት ይመርጣል፣ ስልኩንም የጎል መልእክት እንዳያመጣበት ያጠፋዋል።

ከጎሉ እስከ ፊሽካው

ጎል ሲገባበት የአርሰናል ደጋፊ የመጀመሪያ ተስፋው ቫር (የቪዲዮ ዳኝነት) ነው። ሁሉም እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ «ኦፍሳይድ ነው!» ይላል፤ መስመሩ ሲሰመር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጎሉ ሲጸድቅ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የሌላ ክለብ ቲፎዞዎች ይነሳሉ። ከኋላ የሚቀመጡት በዘፈቀደ አይደለም። ቀድመው የሚመጡት የጨዋታው ባለቤቶች የፊቱን ወንበር ስለሚይዙ ለሌላው የሚተርፈው የኋላው ነው፤ የአብሻቂው ድምፅ ሁልጊዜ ከጀርባ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ መውጣት ይጀመራል። ይህ አወዛጋቢ ነው። ነባሮቹ ደጋፊዎች ፊሽካ ሳይነፋ መውጣትን እንደ ክህደት ያዩታል፤ ወጣቶቹ ደግሞ የአብሻቂዎቹን ዘፈን ላለመስማት ነው ይላሉ። የሚወጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሄደ «ቁጭ በል! አትጋርድ!» ይባላል፤ የብዙ ጠብ መነሻም ሽንፈቱ ሳይሆን ይህ መጋረድ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ደጋፊው በሦስት ይከፈላል። አንዱ ማንንም ሳያይ ውልቅ ይላል። ሁለተኛው ወንበሩ ላይ ቀርቶ የጨዋታውን ቁጥሮችና የአሰልጣኙን ቃለ ምልልስ ይጠብቃል። ሦስተኛውና ትልቁ ክፍል በር ላይ ክብ ሠርቶ ይቆማል። በዚህ ክብ ውስጥ ወቀሳው የራሱ መንገድ አለው፤ መጀመሪያ ዳኛው፣ ቀጥሎ ስህተት የሠራው ተከላካይ ወይም በረኛ፣ ከዚያ ኳስ ያባከነው አጥቂ፣ በመጨረሻ የአሰልጣኙ ቅያሪ። አሰልጣኙ ላይ ሲደረስ ክቡ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከቬንገር የመጨረሻ ዓመታት ጀምሮ ይህ አልተለወጠም።

የቤቱ ባለቤት የሚቀጥለው ጨዋታ ሂሳብ መሰብሰብ ስላለበት ክፍሉን ቶሎ ባዶ ማድረግ ይፈልጋል። ሥራውን የሚያውቅ ባለቤት ፊሽካው እንደተነፋ መብራት ያበራል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ የበሩን ሁለቱንም ክንፍ ከፍቶ የተሸነፉት ቀድመው እንዲወጡ ያደርጋል። የማያውቀው ሙዚቃ ይለቃል፤ ይባስ ብሎ ራሱ አብሮ ያበሽቃል። እንዲህ ያለ ቤት በሚቀጥለው ሳምንት ግማሽ ደንበኛውን አጥቶ ይውላል።

8 ለ 2፣ 2015 እና 2016

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ዩናይትድ አርሰናልን 8 ለ 2 አሸነፈ። ውጤቱ ገና 1 ለ 0 ሳለ ቫን ፐርሲ የመታውን ሪጎሬ ዴ ሂያ አዳነበት፤ ሩኒ ሦስት አገባ፤ ጄንኪንሰን በቀይ ወጣ። አርሰናል በጉዳትና በቅጣት ብዙ ተጫዋቾች ጎድለውት እንደነበር መታወስ አለበት። ክለቡ ወደ ማንችስተር ለተጓዙ ደጋፊዎቹ ሌላ የሜዳ ውጪ ጨዋታ በነጻ እንዲያዩ ትኬት ሰጠ። በኢትዮጵያ ግን ትኬት የሚሰጥ አልነበረም። «ስምንት» የምትለዋ ቁጥር ለዓመታት ማብሸቂያ ሆና ቆየች፤ ለአርሰናል ደጋፊ ስምንት ጣት ማሳየት ብቻውን በቂ ስድብ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የዝውውሩ መስኮት በሚዘጋበት ዕለት፣ ክለቡ ሚኬል አርቴታን ከኤቨርተን አስፈረመ።

ያው አርቴታ አሰልጣኝ ሆኖ የመራው ቡድን በ2015 ሊጉን ለ248 ቀናት ሲመራ ቆይቶ ዋንጫውን አጣ። ያኔ የሆነው ከበዓላቱ ጋር ተገጣጠመ። የሆሳዕና ዕለት ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ሲመራ 2 ለ 2 ወጣ። ፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 8፣ ዌስትሃምን በ10 ሰዓቱ ጨዋታ 2 ለ 0 መርቶ፣ ሳካ ሪጎሬ ስቶ፣ እንደገና 2 ለ 2። ከዶሮ ወጥ ተነስቶ ኳስ ቤት የሄደው ደጋፊ በዓሉን ሳይጨርስ ተበላሸበት። ቀጥሎ በሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር በሜዳው 3 ለ 3። ሚያዝያ 18 ማንችስተር ሲቲ 4 ለ 1 ሲያሸንፈው ክፍሎቹ ውስጥ ጩኸት አልነበረም፤ ደጋፊው ሐዘኑን በሦስቱ አቻዎች ጨርሶ ነበር። ብራይተን ግንቦት 6 በአርሰናል ሜዳ በኤምሬትስ 3 ለ 0፣ ፎረስት ግንቦት 12 1 ለ 0 አሸንፈው ነገሩን ዘጉት። የተከላካዩ የሳሊባ ጉዳት ባይኖር ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

የ2016ቱ ግን ከሁሉም የሚያንገበግበው ነው። ሚያዝያ 6፣ እሑድ ከምሽቱ 12፡30፣ አርሰናል አስቶን ቪላን አስተናገደ። ሊቨርፑል በዚያው ከሰዓት በሜዳው በክሪስታል ፓላስ 1 ለ 0 ተሸንፎ ስለነበር ቤቶቹ ገና ጨዋታው ሳይጀመር በዘፈን ተሞልተው ነበር። የዐቢይ ጾም ስለሆነ በር ላይ ሻይና ቆሎ ብቻ ነበር የሚሸጠው። ለቪላ ቤይሊ በ84ኛው፣ ዋትኪንስ በ87ኛው ደቂቃ አገቡ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ከሰዓት የደረሰባቸውን ማብሸቅ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መለሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሂሳብ ነው። ሲቲ 73፣ አርሰናልና ሊቨርፑል 71፣ ለሁሉም ስድስት ጨዋታ ቀርቷል፣ የሚገኘው 18 ነጥብ ነው። ደጋፊው በወረቀት፣ በስልክ፣ በታክሲ ጣሪያ ላይ ሳይቀር በጣቱ እየጻፈ አሰላው። አርሰናል የቀሩትን ስድስቱንም አሸነፈ፤ ቼልሲን 5 ለ 0፣ በሆሳዕና ዕለት ቶተንሃምን በራሱ በቶተንሃም ሜዳ 3 ለ 2። በ89 ነጥብ ጨረሰ። ሲቲም ስድስቱን አሸንፎ 91 ሆነ። ያን የቪላ ጨዋታ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው የአርሰናል ነበር፤ ይህ አስተያየት ሳይሆን መደመር ነው።

ማግስቱ

ከሽንፈት ማግስት ደጋፊው የሚፈተነው በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤትና በፀጉር ቤት ነው። በአፍ የተገባ ውርርድ ጠዋት ይከፈላል። የተለመደው ማኪያቶ ወይም ምሳ ነው፤ ከበድ ያለው የተቃራኒውን ማሊያ ለብሶ መዋል ነው። ክፍያውን ማምለጥ ከሽንፈቱ የበለጠ ያዋርዳል። ማብሸቅም ወሰን አለው፦ ስለ ክለቡ፣ ስለ ተጫዋቹ፣ ስለ ዋንጫው ማንሳት ይፈቀዳል፤ ወደ ቤተሰብ ወይም ወደ ብሔር መሻገር ግን በብዙ ቤት ያስወጣል። የጠዋት የስፖርት ሬዲዮ ፕሮግራሞች ለአርሰናል ሽንፈት ሰፊ ሰዓት ይሰጣሉ፤ በሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ አርሰናል ከሆነ ጣቢያውን ይቀይራል፣ ተሳፋሪውም ለምን እንደቀየረ ይገባዋል።

የሚበላሸው

እውነተኛ ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው ከሦስት ነገር ነው፦ ከመጠጥ፣ ከመጋረድና ከቤቲንግ። የቤቲንጉ አዲስና አደገኛው ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ለክለቡ ሳይሆን ለገንዘቡ ስለሚያይ፣ አንዲት ጎል ስድስት ጨዋታ የያዘች ትኬቱን ስትበላበት ንዴቱ በቀልድ አይመለስም። ማሳያና ቤቲንግ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉባቸው ቤቶች ስለዚህ ይበልጥ ይረበሻሉ። ዕቃ ወደ ስክሪኑ የሚወረወረውም እዚያ ነው። ገላጋዮቹ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት የሚደርሱት በሰፈሩ የሚከበሩ፣ ከሁለቱም ወገን ዕድሜ ያላቸው ደጋፊዎች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚያደርጉት የተጣሉትን በተለያየ አቅጣጫ ወስደው ማናገር ነው።

መብራት ሲጠፋ ያለው ደንብ እንደ ቤቱ ይለያያል። በብዙዎቹ ከእረፍት በፊት ከጠፋ ገንዘብ ይመለሳል ወይም ለሌላ ጨዋታ ይያዛል፤ ከእረፍት በኋላ አይመለስም። ቡድኑ እየተመራ ሳለ መብራት ቢጠፋ ግን ገንዘቡን የሚጠይቅ የአርሰናል ደጋፊ እምብዛም አይገኝም።

በሀገር ውስጥና በውጭ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 የውድድር ዘመን በዲኤስቲቪ መተላለፍና በተመረጡ ከተሞች መዘዋወር ሲጀምር የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎችም የክለባቸውን ሽንፈት በእነዚሁ ቤቶች ማየት ጀመሩ።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ልማዱ በሰዓት ልዩነት ይለወጣል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የእንግሊዝ የምሳ ሰዓት ጨዋታ በአብዛኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዋናው የቅዳሜ ጨዋታ አራት ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ሽንፈቱ ከቁርስ ጋር ይመጣል፤ ከምሳ በፊትም ሁሉም ወደ ሥራው ይበተናል። በዱባይ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ስለሚቀድም የሳምንቱ መካከል ጨዋታ እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ያልቃል፤ ጠዋት ሥራ የሚገባው ደጋፊ ሁለተኛውን አጋማሽ ትቶ ይተኛል፣ ውጤቱንም ማለዳ ከአዲስ አበባ በሚደርሰው የማብሸቂያ የድምፅ መልእክት ያውቃል።