ቤት ውስጥ የሚሰራ የቲኪ ክፍል

ቲኪ ክፍል ሚባለው አሜሪካኖች ቤዝመንታቸውን ወይ ጋራዣቸውን የፓስፊክ ደሴት አስመስለው ሚሰሩት መዝናኛ ክፍል ነው፣ አብዛኛው ትንሽ ባር አለው፣ ግድግዳው በቀርከሃና በሰሌን ይለበጣል፣ ከእንጨት የተፈለፈሉ ምስሎችም ይቆሙበታል። ፋሽኑ ግን ከደሴቶቹ አልመጣም፣ የተወለደው ካሊፎርኒያ ነው። ዶን ቢች በ1933 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ሆሊውድ ውስጥ ዶን ዘ ቢችኮምበር ሚባል ባር ከፈተ፣ ከዛ ትሬደር ቪክ ሚባለው ባለ ባር ኦክላንድ ላይ ተከተለው፣ ማይ ታይ ሚባለውን የሩም መጠጥ በ1944 የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይል ነበር፣ ዶን ደግሞ ከኔ መጠጥ ነው የተወሰደው ብሎ ይከራከረው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓስፊክ ዘምተው የነበሩ ወታደሮች ወደ ቤት ሲመለሱና ሃዋይ በ1959 የአሜሪካ ግዛት (ስቴት) ስትሆን ነገሩ ከባር አልፎ ሰው ቤት ገባ። በ70ዎቹ ተረሳ፣ በ90ዎቹ ሰብሳቢዎች መልሰው አነሱት።

አሰራሩ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ ምስልና ኩባያ ይገዛል፣ እኔ ግን ክፍሉን ክፍል ሚያደርገው ኮርኒሱና መብራቱ ነው ባይ ነኝ። ነጭ ኮርኒስ ካለ ምንም ብትሰቅሉ ቢሮ ነው ሚመስለው፣ ስለዚ ጥቁር ቀለም ወይ ሰሌን ወይ ሳር ክዳን ያስፈልገዋል። መስኮት ካለ ይሸፈናል፣ ምክንያቱም ጥሩ ቲኪ ክፍል ውስጥ ቀንና ማታው አይለይም። መብራቱ ብዙ ሆኖ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም በዲመር፣ ማለትም ብርሃኑን ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ማብሪያ። የጃፓን አሳ አጥማጆች መረብ ሚያንሳፍፉበት የነበረው የብርጭቆ ኳስ ውስጡ አምፖል ገብቶ ይሰቀላል፣ ሲነካ ሚነፋው እሾሃም አሳም ደርቆ መብራት ይሆናል። ግድግዳው ላይ ታፓ ይወጠራል፣ ይሄ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ ሚሰራ የደሴቶቹ ጨርቅ ነው፣ በጣም ሚያምር ስራ ነው።

እሳቱን በደምብ አስቡበት። ደረቅ ሳርና ሰሌን በአንዴ ነው ሚያያዘው፣ እሳት መከላከያ የተረጨበትን ግዙ፣ ክፍሉ ውስጥ ሻማ አታስገቡ፣ ሚሞቅ አምፖል ትታችሁ ኤልኢዲ አድርጉ። ጥሬ ቀርከሃን ነቀዝ ይበላዋል፣ ቦራክስ በሚባለው የማዕድን ዱቄት የታከመው ይሻላል። ቤዝመንቱ እርጥበት ካለው ደግሞ ሰሌኑ ይሻግታል፣ መጀመሪያ እርጥበቱ ይስተካከል።

ሙዚቃው ኤግዞቲካ ነው፣ የሩቅ ደሴት ስሜት ሚሰጥ የሙዚቃ አይነት፣ ፒያኒስቱ ማርቲን ዴኒ ሃዋይ ሆኖሉሉ ሲጫወት እዛው የነበሩት እንቁራሪቶች ይጮሁ ነበር፣ ባንዱም የወፍ ድምፅ እያስመሰለ ጨመረበት፣ እንደዛ ነው የታወቀው።

ምስሎቹን በተመለከተ፣ በማኦሪዎች (በኒውዚላንድ ተወላጆች) ዘንድ ቲኪ የመጀመሪያው ሰው ነው፣ በሌሎቹም ደሴቶች እንዲ አይነት ምስሎች አማልክትንና አያት ቅድመ አያትን ሚወክሉ ናቸው፣ ስለዚ ብዙ የደሴቶቹ ተወላጆች የሰው ቅርስ መጠጥ መጠጫና ጌጥ መሆኑ ያማቸዋል፣ ልክም ናቸው። ያለምንም ምስል በቀርከሃ፣ በመረብና በመብራት ብቻ ያማረ ክፍል ይወጣል። ምስል የግድ ካላችሁ ከራሳቸው ከደሴቶቹ ቀራጮች ግዙ፣ የየትኛው ደሴት እንደሆነና ማንን እንደሚወክል ጠይቁ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ምናምን አታቁሙት።