ፊውል ሴል ሲላላና ሲጠብቅ

ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጨው ፊውል ሴል ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ሃይድሮጅኑና ውዱ ፕላቲነም ነው። ሴሎቹን አጥብቆ የሚያስረውን ብሎን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ብሎኑ ከሁለቱ እኩል መነሳት አለበት ባይ ነኝ።

አንድ ሴል ሥራ ላይ የሚሰጠው 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙ ሴል ይደራረባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የዋለችው የፊውል ሴል መኪና ቶዮታ ሚራይ 370 ሴሎች ነበሯት። ድርድሩ ከሁለት ጫፍ በወፍራም ሳህኖች ተይዞ በረጃጅም ብሎኖች ወይም በብረት ቀበቶ ይታሰራል።

የየአንዳንዱ ሴል እምብርት ፕሮቶን የሚያሳልፍ ስስ ሜምብሬን (ፕላስቲክ መሰል ሽፋን) ነው። ግራና ቀኙ ፕላቲነም ያለበት ቅብ አለ፣ ቀጥሎ የካርቦን ወረቀት፣ ከዚያ የጋዝ ቦይ የተቀረጸበት ሳህን። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ከሦስት አራተኛው በላይ ባዶ ቀዳዳ ነው። ጋዙ የሚገባው በቀዳዳው ነው፣ ውሃው የሚወጣውም በዚያው፤ ኤሌክትሮኑ ደግሞ በካርቦን ክሩ ላይ ይሄዳል።

ማሰሪያው ከላላ ክሩና ሳህኑ በደንብ አይነካኩም። የመነካኪያው ሬዚስታንስ (ከረንቱን የሚያግደው ተቃውሞ) ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ በጓርኒሲዮኑ በኩልም ሃይድሮጅን ሊያመልጥ ይችላል። ትንሽ ጠበቅ ሲደረግ ሬዚስታንሱ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን የቱንም ያህል ቢጠብቅ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ጉዳቱ ግን ይቀጥላል። ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፣ ኦክስጅን ወደ ፕላቲነሙ መድረስ ያቅተዋል፣ ውሃውም መውጫ ያጣል። በተለይ በሁለት ቦዮች መሃል ባለው ጠርዝ ሥር ወረቀቱ ይደቀቃል፣ ቦዩ ጋ ደግሞ ወደ ውስጥ ያብጥና የጋዙን መንገድ ያጠብበዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በትንሽ ከረንት ሲሞከር በጣም የጠበቀው ሴል ጎበዝ ይመስላል፣ ከረንቱ ከፍ ሲል ግን ኦክስጅን ያጥረውና ቮልቴጁ ዝቅ ይላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግፊት 1 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው፤ በስኩዌር ሳንቲሜትር 10 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ስፋቱ 250 ስኩዌር ሳንቲሜትር የሆነ ሴል እንግዲህ ሁለት ተኩል ቶን ተሸክሟል። ቁጥሩ እንደ ወረቀቱ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ከግፊቱ ይልቅ ወረቀቱ ስንት በመቶ እንደሳሳ መለካት ይሻላል።

ከግፊቱ መጠን እኩል የሚያሳስበኝ ለሁሉም ቦታ እኩል መዳረሱ ነው። የጫፉ ሳህን ስስ ከሆነ ይጎብጣል፤ ዳር ዳሩ ይጠብቃል፣ መሃሉ ይላላል። ከረንቱ በደንብ ወደተነካካው በኩል ይሸሻል፣ እዚያ ሙቀት ይበዛል፣ ሜምብሬኑም ይደርቃል። ጋራዥ የዋለ ሰው ይሄን ያውቀዋል፦ የቴስታታ ብሎን በአንዴ አይጠብቅም፣ በየተራ፣ በትይዩ፣ በመጠኑ ነው። ሲጫኑት ቀለሙ የሚለወጥ ስስ ፊልም መሃል ላይ ከትቶ አንዴ ማሰር የቱ ጋ እንደጠበቀ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ደግሞ ግፊቱ እንደታሰረበት አይቆይም። ሜምብሬኑ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ጓርኒሲዮኑም በጊዜ ብዛት እየተጫነ ይሳሳል። ለዚህ ነው ብሎኖቹ ሥር እንደ ሮንዴላ ያለ ስፕሪንግ የሚገባው። አንዴ የተደቀቀ ወረቀት ግን ብሎኑ ስለላላ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ሴሉን ከፈታችሁት ወረቀቱን ለውጡት።