ኮከብ አንቆጥርም፦ ስለ ሳይፋይ ክበባችን የሚወራው እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሳይንስ ልብ ወለድ (ሳይፋይ) ክበብ አለን። አባላቱ አሥራ ምናምን ነን፤ ፈተና ሲደርስ አራት። ሀብት ንብረታችን አንድ ፍላሽ፣ አንድ የቃለ ጉባኤ ደብተር እና ከግቢው በር ማዶ ካለችው ጀበና ቡና ቤት ያለብን ዱቤ ነው። እኔ ጸሐፊው ነኝ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ስለሆነ በክበባችን ላይ የሚወራውን ማስተካከልም የኔ ዕዳ ሆኗል።

«ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው»

ይሄ አይሞትም። ጥፋቱ ግን የራሳችንም ነው። አንድ ሰሞን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ስለ ከዋክብት የምንጫወትበት ምሽት» ብለን ለጠፍን። ያን ያህል ሰው መጥቶልን አያውቅም። ወንበር አልበቃም። ግማሹ የራሱንና የእናቱን ስም በወረቀት ጽፎ ይዟል። አንዷ እጇን አወጣችና «ሳልመረቅ አገባለሁ?» ብላ ጠየቀች። የፊዚክሱ ልጃችን ጉሮሮውን ጠርጎ ኮከብ እንዴት ተወልዶ እንዴት እንደሚሞት ያስረዳት ጀመር። ልጅቷ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ «እሺ፣ እና በመጪው ጥር ነው?» አለችው።

እውነታው፦ ኮከብ ቆጣሪ ስምን ወደ ቁጥር ለውጦ ዕጣ ፈንታን እናገራለሁ ይላል። እኛ የምናነበው «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ የሚነሳ ልብ ወለድ ነው። በትዳር ጉዳይ ደግሞ ምክር ለመስጠት አቅሙም የለንም። ከመካከላችን እጮኛ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ስብሰባ አይመጣም።

«የፈረንጅ ነገር ነው፤ ወሎና ጠፈርን ምን አገናኛቸው?»

ይህን የሚለኝ አጎቴ ነው። በየበዓሉ ይለኛል።

ድንቅነሽን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1974 አጥንቷ የተገኘው ሐዳር ነው። ቦታው ዛሬ አፋር ክልል ነው፤ በዚያ ዘመን አከፋፈል ግን ወሎ ውስጥ ነበር። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ያመጠቃት መንኮራኩር «ሉሲ» የተባለችው በእሷ ስም ነው። ያቺ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መግቢያ ላይ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶ ውስጥ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የምትዞር አለት፣ አጠገብ አለፈች። አስትሮይዷ ዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አትሞላም። ስሟም «ድንቅነሽ» ነው። በአማርኛ! ፎቶው ሲመጣ ደግሞ የራሷ ትንሽ ጨረቃ ይዛ ተገኘች። ጨረቃዋንም እዚያው አፋር ዲኪካ ላይ አጥንቷ በተገኘው ጥንታዊት ሕፃን ስም «ሰላም» አሏት።

እዚህ ላይ ክበባችን ፈነደቀ። ምክንያቱም ሰላም ጠጋ ተብላ ስትታይ አንድ ድንጋይ አልሆነችም። ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ ተነካክተው የቆሙ። እንደ ሀገራችን ሰላምታ ትከሻ ለትከሻ። ስም አውጪዎቹ ይህን አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን። እኛ ግን አጋጣሚውን አሳልፈን አንሰጥም።

ሌላም አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ነበር። ጨረቃ መካከሏን ሸፍናው ዙሪያዋ ብቻ በራ። ከላሊበላ የመጣው አባላችን ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ይህን ሲያወራ በየጊዜው ቀለበቷ እየቀጠነች ትሄዳለች፤ የእናቱ «ኧረ ዓይንህን!» የሚለው ጩኸት ግን ሁሌም አንድ ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና ደመወዝ አለው?» አለኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

«ፊልም ከማየት ሌላ ሥራ የላቸውም»

ምነው ባየን! ጀምረን የጨረስናቸው ፊልሞች በጣት ይቆጠራሉ። አንድ ዓርብ ማታ የፊልሙ መንኮራኩር ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) አፋፍ ላይ ደርሳ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። እልም! መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪው ከሞተ ዓመት ስላለፈው አብሮ ጠፋ። የኮምቦልቻዋ ልጅ ፊልሙን ቀድማ አይታዋለች፤ ንገሪን ብንላት «ስፖይል አላደርግም» ብላ ድርቅ አለች። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንዱ ባለ መልካም ድምፅ በአምባሰል ቅኝት አንጎራጎረ፦

«ጥቁር ጉድጓድ አፋፍ መንኮራኩር ቆማ፣
መብራት ሄደብንና ቀረን በጨለማ።»

ጭብጨባው ተጀመረ። ተቀባይ ተገኘ። በየተራ ስንኝ እየጨመርን ካፒቴኑን አዳንነው፣ ዳርነው፣ ባቲ ገበያ አውርደን ግመል አስገዛነው። መብራት ሲመጣ ፊልሙን ልቀጥል ያለ ሰው አልነበረም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ፊልሙ በአምባሰል ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ።

ፊልም ስናይ ደግሞ ዝም ብለን አናይም፤ እንነዘንዛለን። በጠፈር ላይ ፍንዳታ አይሰማም፤ ድምፅ የሚሄድበት አየር የለም። ያለ ጠፈርተኛ ልብስ ጠፈር ላይ የወጣ ሰው እንደ ፊኛ አይፈነዳም፤ በአሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ግን ራሱን ይስታል። አስትሮይዶችም እንደ ሰኞ ገበያ ሰው አይጋፉም። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ ስለሆነ እነ ሉሲ ሳይነኩ ያልፋሉ። ፊልም እያየ እንዲህ የሚያወራ ሰው አጠገብ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስጠላ እናውቃለን። ግን ይጣፍጣል።

«የብርሃን ዓመት የጊዜ ልክ ነው»

አይደለም፤ ርቀት ነው። ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው፣ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ የሚሳሳት ሰው ላይ ሙድ መያዝ ግን ነውር ነው። እኛም ከደሴ ኮምቦልቻ ስንት ነው ስንባል «ግማሽ ሰዓት ምናምን» ነው የምንለው።

«የወንዶች ጨዋታ ነው»

ብዙዎች የሳይንስ ልብ ወለድ መጀመሪያ የሚሉትን መጽሐፍ፣ «ፍራንከንስታይን»ን፣ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመችው እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ ናት። መጻፍ ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ የኛ ፍሬሽ ማለት ነው። የክበባችን ሊቀ መንበርም ሴት ናት። ፍላሹ የሚቀመጠው እሷ ጋ ነው፤ ሥልጣን ማለት እሱ ነው።

«ነገን ይተነብያል»

አንዳንዴ ይገጥማል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ልብ ወለድ ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ላከ። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ሦስት ሰዎችን ይዛ የተነሳችውም ከፍሎሪዳ ነው። እስከዚህ ድረስ እልል ያሰኛል። ቬርን ሰዎቹን የላከው ግን በመድፍ ተኩሶ ነው። በእውኑ ቢሆን ከመድፉ አፍ ሳይወጡ እንደ ቂጣ በተጠፈጠፉ። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በጻፈው ቴአትር፣ የግዳጅ ሥራ ከሚል የሀገሩ ቃል። የሱ ሮቦቶች ብረት አልነበሩም፤ ሰው የሚመስሉ ሥጋ ለበሶች ነበሩ። እናም ጸሐፊዎቹ ዛሬያቸውን ነው የሚያጋንኑት። ትንቢት የሚፈልግ ያቺ የጥሯን ልጅ ይጠይቅ።

«እንዲህ ያለ ወሬ ሕዝብ ያሸብራል»

ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1938 መጨረሻ «ከማርስ ወረራ መጣ» የሚል ድራማ በዜና መልክ ተላለፈ፤ አገር ምድሩ ቤቱን ጥሎ ሸሸ ይባላል። የደነገጡ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ያዳመጠው ሕዝብ ጥቂት ነበር፤ ካዳመጠውም አብዛኛው ድራማ መሆኑን ያውቃል። ሽብሩን ያገዘፉት በማግስቱ የወጡት ጋዜጦች ናቸው።

እኛም በራሳችን ሞክረነዋል። አንድ ምሽት ድምፅ ማጉያ ተውሰን «ጦሳ ተራራ ላይ ከማርስ የመጣ መንኮራኩር አርፏል» ብለን ለፈፍን። ጉሙ ተራራውን ስለሸፈነው ማጣራት አይቻልም፤ ሰዓቱን መርጠናል። ጠበቅን። የሮጠ የለም። ፎጣና ሳሙና ይዞ ወደ ሻወር የሚሄድ አንድ ልጅ ቆም አለና «ጦሳ ላይ? በዚህ ብርድ?» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

አፍረን ወደ ቡናችን ሄድን። የቡና እናታችን ማስታወቂያውን ሰምታ ኖሮ ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ እያወረደች ጠየቀችን።

«እና እንግዳው አሁንም ውጭ ነው?»

«አዎ እማ» አልናት።

«ሆዴን፣ ምነው ታዲያ ብቻውን ተዋችሁት? ገና ቶና ነው፤ ይምጣና በረካውን ይድረስበት።» ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ ጨመረች። ከዚያ የዱቤ ደብተሯን ገለጠች። «ሒሳቡን ግን በናንተ ነው የምጽፈው።»