ሺልድ ሎው ምንድን ነው? ያለመከሰስ መብት እንዳይመስላችሁ

«አሜሪካ እኮ ሺልድ ሎው አለ፣ ጋዜጠኛ ምንም ቢጽፍ አይከሰስም!» የሚል አስተያየት ሰሞኑን አየሁ። ላይኩ ደግሞ ጉድ ነው። ኧረ ወንድሜ! ስም ያጠፋ ጋዜጠኛ እዚያም ይከሰሳል፣ ከተረታም ይከፍላል።

ሺልድ ሎው የሚመለከተው አንድ ነገር ነው፦ ፍርድ ቤት ጋዜጠኛን «ይህን ማን ነገረህ? ያላወጣኸውን ቪዲዮና ማስታወሻም አምጣ» ብሎ ማስገደድ ይችላል ወይ? ሜሪላንድ በ1896 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከሁሉም ቀድማ ሕግ አወጣች። ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች አላቸው፣ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውና ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ጋዜጠኛ በተለያየ ሕግ ነው የሚዳኙት። ዩቲዩበር ጋዜጠኛ ነው ወይ የሚለውማ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ሰውን ያሳሳተው ስሙ ይመስለኛል፣ ሺልድ ማለት ጋሻ ነዋ። እኔ ጃንጥላ ብለው እመርጣለሁ። ከላይ የሚወርደውን፣ ማለትም የፍርድ ቤት መጥሪያን ይከላከላል። ከሥር የሚመጣ ጎርፍ ግን አያቆምም። በ2017 መንግሥት ምስጢራዊ ሰነድ ለጋዜጠኞች የላከችውን ሪያሊቲ ዊነርን ሲይዝ ጋዜጠኛ አስገድዶ አይደለም፤ የሾለከውን ሰነድ በፕሪንተር ያወጡት 6 ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ከራሱ መዝገብ አይቶ ነው። 5 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባት።

ደግሞም ጃንጥላውን የያዘው ጋዜጠኛው ነው፣ ምንጩ ተጠልሎ ነው የቆመው። ጋዜጠኛው ቢያጥፈውስ? በአብዛኛው ቦታ ምንጩ ሺልድ ሎውን ጠቅሶ ሊያስቆመው አይችልም። ቃሉን በማፍረሱ ግን ሊከሰው ይችላል። ሚኒሶታ ውስጥ ዳን ኮኸን የተባለ ሰው ስምህን አናወጣም ብለው ያወጡበትን ጋዜጦች ከሶ በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። የፕሬስ ነጻነት አላዳናቸውም፣ በመጨረሻ 200,000 ዶላር ተፈረደለት።

ያ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ሲሞገት «እኔ ያለሁት ካሊፎርኒያ ነው፣ እዚህ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገብቷል» አለ። እውነቱን ነው፣ ከ1980 ጀምሮ ገብቷል፤ ያልተሰራጨ ቁሳቁስንም ይጨምራል። ታዲያ ጆሽ ዎልፍ ለምን ታሰረ? ልጁ በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰልፍ ቀረጸ። አደባባይ ላይ የተቀረጸ ነው፣ ግን ያላወጣውን ክፍል ለግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት ወይ የሚለውን ለሚወስነው የዜጎች ቡድን) አልሰጥም አለ። 226 ቀን ታሰረ። ጉዳዩን የያዘው የፌደራል ፍርድ ቤት ስለነበር የካሊፎርኒያ ጃንጥላ እዚያ አልተዘረጋለትም። የፌደራሉ መንግሥት የራሱ ሺልድ ሎው የለውም፤ በ2024 የታችኛው ምክር ቤት ያሳለፈው ረቂቅም ሴኔት ላይ ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ገና በ1972፣ በብራንዝበርግ መዝገብ፣ ጋዜጠኛ ከግራንድ ጁሪ ፊት የተለየ መብት የለውም ብሎ 5 ለ 4 ወስኗል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መጥሪያ ከመጣልህ አድራሻህን ትተህ መጀመሪያ የላከውን ፍርድ ቤት ስም አንብብ። ቀጥሎ ጠበቃ ጋ ደውል።