ተኝቶ የማይነቃ ላፕቶፕ፦ በሊኑክስ ላይ ጥፋቱ እንዴት ይፈለጋል?

ላፕቶፕ ሲከደን ተኝቶ ሲከፈት የሚነቃው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና የማሽኑ ፈርምዌር፣ ማለትም በሃርድዌሩ ውስጥ የተቀመጠው መነሻ ሶፍትዌር፣ ተግባብተው ሲሠሩ ነው። የሚግባቡበትን ደንብ፣ ኤሲፒአይን፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. አወጡት። በነባሩ ኤስ3 በሚባለው አተኛኘት ራሙ ኤሌክትሪክ እያገኘ ሌላው ክፍል ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ኤስ3 የላቸውም፤ ፕሮሰሰሩ ሳይጠፋ ጥልቅ እረፍት ውስጥ ይገባል።

አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ከማሽኑ ክፍሎች (መሣሪያዎች) አንዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር፣ መሣሪያውን መልሶ ማስነሳት ሲያቅተው ማሽኑ በዚያው ደርቆ ሊቀር ይችላል። ይህን ብልሽት አስቸጋሪ የሚያደርገው ማሽኑ ምን እንደነካው መናገር አለመቻሉ ነው፦ ስህተቱ የሚጻፍበት ዲስክም ሆነ የሚታይበት ስክሪን ገና አልነቁም።

ስለዚህ በቅድሚያ የደረቀው ማሽኑ ነው ወይስ ስክሪኑ ብቻ የሚለው ይለያል። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ሲጫኑት መብራቱ ከበራ፣ ወይም ማሽኑ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ሲጠሩት ከመለሰ፣ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ ያመዝናል።

ማሽኑ በሙሉ ከደረቀ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የመተኛት ሙከራ፣ ፒኤም ቴስት፣ ይረዳል። መተኛቱን በአምስት ደረጃዎች ከፍሎ ይፈትናል፤ መጀመሪያ ፕሮግራሞችን ማቆም፣ ከዚያ መሣሪያዎችን ማስተኛት፣ እያለ ይዘልቃል። ከተመረጠው ደረጃ ሲደርስ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ይመለሳል። አምስቱንም አልፎ በእውነተኛው እንቅልፍ ብቻ ከደረቀ፣ ፈርምዌሩን ወይም ኃይል ከተቋረጠ በኋላ መሣሪያውን በትክክል የማይመልስ ድራይቨርን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉም የሚደነቀው ግን በ2006 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ያስገባው ፒኤም ትሬስ የተባለ ዘዴ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው የባትሪ ሰዓት ማሽኑ ሲጠፋና ሲነሳም መቁጠሩን አያቆምም። ከርነሉ በሚነቃበት ጊዜ የደረሰበትን ቦታና የያዘውን መሣሪያ ወደ ቁጥር ቀይሮ፣ ቁጥሩን በዓመት፣ በወር፣ በቀን፣ በሰዓትና በደቂቃ መልክ እዚያ ሰዓት ላይ ይጽፋል። ማሽኑ ሲደርቅ በግድ አጥፍቶ ማስነሳት ነው፤ አዲስ የተነሳው ከርነል ቁጥሩን አንብቦ የሚመሳሰለውን መሣሪያ ስም በመልእክቶቹ መካከል ያወጣል። ሰዓቱ ስለማይቆም ግን በሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ መነሳት አለበት፤ ከዘገየ ምልክቱ ይበላሻል። ቀኑም ስለሚዛባ ከምርመራው በኋላ መስተካከል ይኖርበታል።

የተገኘው ስም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ሊጋሩ ይችላሉ። ማረጋገጫው የተጠረጠረውን ድራይቨር ከከርነሉ አውጥቶ ማሽኑን እንደገና ማስተኛት ነው። አሁን ከነቃ፣ የሚቀጥለው ሥራ ድራይቨሩ የሚሠራበትን የቆየ የከርነል ስሪት ፈልጎ ችግሩን ያመጣውን ለውጥ መለየት ነው።