የእንጨት መፋቂያ አሳሳል፦ የሚባለውና እውነቱ

የእጅ መፋቂያ እጀታ የላትም። ውፍረቷ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ አራት ማዕዘን ብረት ናት፤ ከቨርኒሽ በፊት የእንጨቱን ፊት ታለሰልሳለች። እንዲህ ቀላል ሆና ሳለ ስለ አሳሳሏ የሚወራው ግን ብዙ ነው።

«እንደ መሮ አሹሎ መሳል ነው።»
አይደለም። የመሮ አፍ አዘንብሎ ይሳላል፤ የመፋቂያ ጠርዝ ግን ልክ 90 ዲግሪ መሆን አለበት። ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ደቃቅ ጥርስ ባለው ሞረድ ቀጥ እስኪል መሞረድ። ከዚያ ጠርዙንም ሁለቱን ፊቶችም መሳያ ድንጋይ ላይ ማለስለስ። ድንጋዩ ያላጠፋው የሞረድ ጭረት በኋላ ጠረጴዛው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ገና ዝግጅት ነው። እንጨቱን የምትቆርጠው ጠርዙ በክብ ማሻ ብረት ሲታሽ ወደ ጎን የምትወጣው ቆልማማ ከንፈር ናት። በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል፤ ጥፍር ሲያልፍባት ግን ያዝ ታደርጋለች። መፋቂያዋን አስተኝቶ ፊቷን ጠርዝ ጠርዙን ጥቂት ጊዜ ማሸት። ቀጥሎ ሞርሳ ላይ አቁሞ ጠብታ ዘይት መቀባት፤ ማሻ ብረቱን መጀመሪያ አግድም፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ዘንበል አድርጎ መሳብ።

«በደንብ ካልተጫንከው አይቆለመምም።»
ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ሲበዛ ወይም ማሻው አጉል ሲያዘነብል ከንፈሯ ከልክ በላይ ትታጠፋለች። ያኔ መፋቂያዋ የምትቆርጠው እንጨቱ ላይ ልትተኛ ስትደርስ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ይዞ መሥራት ደግሞ ጣት መላጥ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለዘብ ባለ እጅ ይበቃል።

«ማሻ ብረት? ካቻቢቴ አለ አይደል!»
ማሻው ከመፋቂያዋ መጠንከር አለበት። ብዙ ካቻቢቴ ለስላሳ ስለሆነ ራሱ ይቧጨራል። የፑንታ (የመብሻ ብረት) ጭራም ብዙ ጊዜ ከጠመዝማዛው ክፍል ይለሰልሳል። ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠንካራ ቁስ የተሠራ ዘንግ ከተገኘ እሰየው፤ ካልሆነ የጥሩ መሮ ጀርባ ይሠራል።

«ማንኛውም ላሜራ መፋቂያ ይሆናል።»
ተራ ላሜራ ከንፈሩን አይዝም። ያረጀ የእጅ መጋዝ ግን ተቆርጦ ግሩም መፋቂያ ይወጣዋል።

«ከደነዘዘች ወደ ሞረድ ነው።»
ኧረ ብረት አይባክን! አስተኝቶ ፊቷን እንደገና ማሸት፣ ከዚያ ጠርዙን መልሶ ማቆልመም። ሞረድ የሚያስፈልገው ይህ ተደጋግሞ አልሠራ ሲል ነው።

«ሰጋቱራ ካወጣች እየሠራች ነው።»
በደንብ የተሳለች መፋቂያ የምታወጣው ስስ ፍቅፋቂ ነው፤ ጣት ላይ ይጠቀለላል። ዱቄት ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የአያያዝ ዝንባሌውን ለወጥ አድርጎ መሞከር። አሁንም ዱቄት ከሆነ ደንዝዛለች። አውራ ጣት የሚያቃጥለው ሙቀት የሰበቃ ነው፤ መደንዘዟን ብቻውን አያሳይም።

«ብርጭቆ ወረቀት እያለ ምን ያደክማል?»
ወይራ የላገ ሰው ይህን አይጠይቅም። የእንጨቱ ክር ወዲያና ወዲህ ስለሚገለባበጥ መላጊያው አንዱን ጎን ሲያለሰልስ ሌላውን ይቦጭቃል፤ የሚያደክመውስ ያንን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ነው፤ መፋቂያ ግን ሁለቱንም ታልፋለች። የፈረንጅ ጥድን በመሰለ ለስላሳ እንጨት ላይ ግን መፋቂያ ክሩን ታጎፍራለች። እሱ በስል መላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ይለቅ።